የኤሌክትሪክ ቢስክሌት በቆቦ ሜዳ፤ ባትሪው ስንት ኪሎ ሜትር ያደርሳል?

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 570 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በመቀሌ መንገድ ላይ የምትገኘው የቆቦ ከተማ የተቆረቆረችው በሰፊው የራያ ሜዳ ላይ ነው። በስተምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በስተምዕራብ ወደ ላስታ የሚያወጣው ሰንሰለታማ ገደል ያጠሩት ይህ ቆላ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ሲኖረው፣ ማሽላው፣ ጤፉ፣ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ የሚበቅልበት መሬት እንደ ሰሌን የተዘረጋ ነው።

በዚህ ሜዳ ላይ ሰውን የሚያደክመው አቀበቱ ሳይሆን ርቀቱ ነው። ማሳው ከመኖሪያው፣ የመስኖው ጉድጓድ ከከተማው፣ አንዱ ቀበሌ ከሌላው ተራርቆ ይገኛል። ዕቃ በግመልና በአህያ፣ ሰው በጋሪና በባጃጅ ይጓዛል። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ውስጥ የሚገባው ግን በአብዛኛው በእግሩ ነው። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ የገጠር አስተማሪውና የጉድጓድ ሞተር ጠባቂው ፀሐይ ሳትበረታ ለመድረስ ማልደው ይነሣሉ። ሞተር ብስክሌት ያለውም ቢሆን ቤንዚን ሲጠፋ ከእግረኛው እኩል ይሆናል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ተሽከርካሪዎች ነገር በየከተማው የዘወትር ወሬ ሆኖአል። በአዲስ አበባ ዶዳይ የተባለው ኩባንያ የኤሌክትሪክ ሞተር ብስክሌት እየገጣጠመ ለገበያ አቅርቦአል። 5,150 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተገነባው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆአል። ከአውቶሞቢሉም ከሞተር ብስክሌቱም ይልቅ ለቆቦ ሜዳ ጠባይ የሚስማማው ግን ከሁሉም ትንሹ መሣሪያ፣ ይኸውም ፔዳሉን ሳይጥል ሞተር የተጨመረለት ቢስክሌት ነው። ፔዳል ስላለው መብራት በጠፋ ቀንም ባለቤቱን መንገድ ላይ ጥሎት አይቀርም፤ መክበዱ ግን አይቀርም።

ችግሩ ያለው መሣሪያው ሲሸጥ በሚነገረው ቁጥር ላይ ነው። በካርቶኑ ላይ ‹‹በአንድ ሙሌት 70 ኪሎ ሜትር›› የሚል ጽሑፍ ይታያል። ቁጥሩ ሐሰት ነው ለማለት አይቻልም። ነገር ግን ቀጭን ሰው፣ ያለ ጭነት፣ በለሰለሰ አስፋልት፣ ሞተሩን እምብዛም ሳያዝ የሚሄደው መንገድ ነው። ይህን ቁጥር አምኖ ከቆቦ የወጣ ሰው 25 ኪሎ ግራም የሚመዝን ቢስክሌት በአሸዋ ላይ እየገፋ ማታ ሊገባ ይችላል። ስለሆነም ገዢው ከቀለሙና ከመብራቱ በፊት ማወቅ የሚገባው የራሱን መንገድ በባትሪው መለካትን ነው።

መሣሪያው ትናንት የተፈለሰፈ አይደለም። ኦግደን ቦልተን የተባለ አሜሪካዊ በኋላው ጎማ መካከል ሞተር ለተገጠመበት ቢስክሌት የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1895 ነበር። ሰው ፔዳል ሲመታ ሞተሩ አብሮ እንዲያግዝ ሆኖ የተሠራውን ዓይነት ደግሞ የጃፓኑ ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1993 ለገበያ አውጥቶአል። ዛሬ በቻይና ብቻ ከ300 ሚሊዮን በላይ ባለ ሁለት ጎማ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች አሉ።

የቆቦ ሰው ለዚህ መሣሪያ አሠራር ባዕድ አይደለም። በቆቦ ጊራና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ በኤሌክትሪክ ሞተር እየተሳበ ለመስኖ ሲውል አይቶአል። በጉድጓዱ አፍ አጠገብ ያለችውን የማስነሻ ሣጥንም ያውቃታል። ሞተሩ ከአቅም በላይ ሲጎትት ወይም ኃይሉ ሲዛባ ሣጥኗ ራሷ ታጠፋዋለች። በኤሌክትሪክ ቢስክሌት ላይ ይህን ሥራ የምትሠራው ከኮርቻው ሥር ወይም ከባትሪው መቀመጫ ውስጥ የተሸጎጠች ትንሽ የብረት ሣጥን ናት። ከባትሪው የሚወጣውን ኃይል መጥና ለሞተሩ ትሰጣለች፤ ባትሪው ከሚገባው በታች ሲወርድ ትዘጋለች፤ ፍሬን ሲያዝ ሞተሩን ታቋርጣለች። እንግዲህ መሣሪያው በጠቅላላው ሦስት ነገር ነው፤ ኃይል የሚያጠራቅም ባትሪ፣ ኃይሉን የምትመጥን ሣጥንና ጎማውን የሚያዞር ሞተር። ከሦስቱ ዋጋው ከባዱና ዕድሜው አጭሩ ባትሪው ነው።

የሞተሩ ጉልበት በዋት ይነገራል። የአውሮፓ ኅብረት ያለ መንጃ ፈቃድ ለሚነዳው ዓይነት የወሰነው 250 ዋትና በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ነው። አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ስለሆነ 250 ዋት ማለት የፈረስ ሲሶ ነው። ጥቂት ይመስላል እንጂ ጤነኛ ሰው ያለማቋረጥ ፔዳል ሲመታ የሚያወጣው ከ100 ዋት እምብዛም የማያልፍ በመሆኑ፣ ባለ ቢስክሌቱ ከራሱ ሌላ የሁለት ሰው ጉልበት ተጨመረለት ማለት ነው።

ከመሪው ላይ ያሉት መቆጣጠሪያዎች ጥቂት ናቸው፤ ይሁን እንጂ እያንዳንዱ የራሱ ጠባይ አለው። በግራ እጅ በኩል ያለው ቁልፍ ሁለት ወይም ሦስት ሴኮንድ ተጭኖ ሲያዝ ትንሹ መስኮት ይበራል። በመስኮቱ ላይ ፍጥነቱ፣ የተጓዘው ርቀት፣ የባትሪው መጠንና አንድ ቁጥር ይታያል። ይህ ቁጥር በአብዛኛው ከ0 እስከ 5 ሲሆን ሞተሩ ምን ያህል እንደሚያግዝ ይናገራል። 0 ላይ ሞተሩ አይሠራም፤ መስኮቱና መብራቱ ብቻ ናቸው። 1 ላይ በትንሹ፣ 5 ላይ ባለው ኃይል ሁሉ ያግዛል። በመደመርና በመቀነስ ምልክት ይወጣል፣ ይወርዳል። ጀማሪ ሰው ወዲያው 5 ላይ ማድረግ ይወዳል፤ ባትሪውም ከሰዓት በፊት ባዶ ይሆንበታል። በቆቦ ሜዳ ላይ ለዘወትር መንገድ 2 ይበቃል።

ፔዳሉ መመታቱን ለሣጥኗ የሚነግረው መሣሪያ ሁለት ዓይነት ነው። ርካሹ ፔዳሉ መዞሩን ብቻ ይቆጥራል። ውድ የሆነው ግን እግር ምን ያህል እንደተጫነው ይመዝናል። ልዩነቱ የሚታየው መነሻ ላይ ነው። ርካሹ ፔዳሉ ጥቂት እስኪዞር ዝም ብሎ ይቆይና በድንገት ይስባል፤ እግር ካቆመም በኋላ ለአፍታ ይገፋል። በገበያ መካከል፣ በበግና በግመል መንጋ አጠገብ ይህ ጠባይ ሰው ይጥላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ሰውየው ሲወጣም ሆነ ሲቆም ቁጥሩን 1 ወይም 0 ላይ አድርጎ፣ ፍሬኑን ይዞ፣ ኮርቻው ላይ ከተደላደለ በኋላ እግሩን ፔዳሉ ላይ ያሳርፋል። ሞተሩ በርቶ ሳለ አንድ እግርን ፔዳል ላይ ጥሎ እየተንደረደሩ መዝለል፣ በተራው ቢስክሌት የተለመደው አወጣጥ፣ እዚህ ላይ መቅረት አለበት።

በቀኝ እጅ በኩል እንደ ሞተር ብስክሌት የሚጠመዘዝ ወይም በአውራ ጣት የሚገፋ ፍጥነት መስጫ ያለው ቢስክሌት ብዙ ነው። ይህ ያለ ፔዳል ያስኬዳል። ከአሸዋ ለመውጣትና ከቆመበት ጭነት ይዞ ለመነሣት ይጠቅማል። መንገዱን ሁሉ በእሱ የሄደ ግን፣ ከዚህ በታች በቁጥር እንደሚታየው፣ ባትሪውን በእጥፍ ሊጨርስ ይችላል።

የፍሬን እጀታው ውስጥ ቀጭን ሽቦ የወጣላት ትንሽ ማቋረጫ አለች። ፍሬን እንደተነካ ሞተሩን ታጠፋለች። ሲገዛ ይህ መፈተን አለበት፤ የኋላው ጎማ ከመሬት ከፍ ይደረግና ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ፍሬኑ በጣት ይነካል። ሞተሩ በዚያው ቅጽበት ካላቆመ ቢስክሌቱ አይገዛም። ይህችው ማቋረጫ ሌላም ነገር ታደርጋለች። ቢስክሌቱ ወድቆ እጀታው ቢጣመም ወይም አቧራ ገብቶ ቢይዘው ማቋረጫዋ እንደተዘጋች ትቀራለች፤ መስኮቱ ይበራል፣ ሞተሩ ግን አይሠራም። ‹‹ሞተሩ ተቃጠለ›› ተብሎ ቤት ከሚቀመጠው መካከል የፍሬን እጀታ ሳብ ለቀቅ ማድረግ ብቻ የሚበቃው ይገኝበታል።

ብዙ ሰው የማያውቃት አንዲት አገልግሎት ደግሞ አለች። የመቀነሱ ምልክት ተጭኖ ሲያዝ ቢስክሌቱ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ማለትም በሰው እርምጃ፣ ራሱን እየገፋ ከባለቤቱ ጎን ይሄዳል። በሆርማትና በጎሊና ዓይነት ወንዞች ደረቅ አሸዋ ላይ ለሚሻገር ሰው ከሁሉ የምትበልጠው ይህች ናት።

አሁን ወደ ዋናው ስሌት እንምጣ። በባትሪው ጀርባ ላይ ሁለት ቁጥሮች ተጽፈዋል፤ ቮልትና አምፔር ሰዓት። ሁለቱ ሲባዙ ዋት ሰዓት ይሰጣሉ። 48 ቮልትና 10 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ 480 ዋት ሰዓት ይይዛል። ይህ እንደ ጀሪካን ሊታሰብ ይችላል። እስከ ጠብታው የሚጠጣ ጀሪካን ግን አይደለም፤ ባትሪ እስከ መጨረሻው ሲደርቅ ዕድሜው ስለሚያጥር አንድ አምስተኛው ሳይነካ ቢቀር ይመረጣል። ለመንገድ የሚቀረው እንግዲህ 384 ዋት ሰዓት ነው።

በአስፋልት ላይ፣ ፔዳል እየመታ፣ መጠነኛ ጭነት ይዞ የሚሄድ ሰው በኪሎ ሜትር 10 ዋት ሰዓት ያህል ያወጣል፤ 38 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ፔዳል ሳይነካ በፍጥነት መስጫው ብቻ የሚሄድ በኪሎ ሜትር 18 ያህል ስለሚያወጣ 21 ኪሎ ሜትር ላይ ያበቃለታል። በካርቶኑ ላይ ያለው 70 ኪሎ ሜትር የሚገኘው በኪሎ ሜትር 7 ብቻ አውጥቶ፣ ባትሪውንም አሟጥጦ ነው።

ከአስፋልቱ 12 ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ ወደሚገኝ መንደር ደርሶ የሚመለስ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ በምሳሌነት ይወሰድ። መንገዱ አቧራና ጠጠር ስለሆነ፣ ፔዳል እየመታም ቢሆን በኪሎ ሜትር 15 ዋት ሰዓት ይፈጅበታል። ደርሶ መልሱ 24 ኪሎ ሜትር ነው፤ 360 ዋት ሰዓት ይሆናል። ካለው 384 ውስጥ ይህን ሲያነሣ 24 ይተርፈዋል። ደርሶ ይመጣል፤ ግን ለጥቂት ነው። አንድ ሰው ከኋላ ካፈናጠጠ ወይም ከፊት ነፋስ ከገጠመው ያ ትርፍ የለም።

ነገሩ በዚህም አያበቃም። የተለመደው የሊቲየም ባትሪ 500 ጊዜ ያህል ሞልቶ ከተራገፈ በኋላ መጀመሪያ ከሚይዘው 80 በመቶ ገደማ ብቻ መያዝ ይጀምራል። ሠራተኛው በሳምንት አራት ቀን ቢጓዝ ይህ በሦስተኛው ዓመት ላይ ይደርሳል። 480 የነበረው 384 ይሆናል፤ አንድ አምስተኛው ሲቀነስለት የሚቀረው 307 ነው። መንገዱ ግን አሁንም 360 ይጠይቃል። ያው ሰው፣ ያው ቢስክሌት፣ ያው መንደር ሆኖ ሳለ መመለሻው ላይ ይጎድላል። ስለዚህ የሚገዛው ባትሪ ለዛሬው መንገድ ሳይሆን ለሦስተኛው ዓመት መንገድ የሚበቃ መሆን አለበት። ለዚህ ሠራተኛ ከ480 ይልቅ ከ600 ዋት ሰዓት በላይ የሚይዘው ይሻለዋል፤ 48 ቮልትና 13 አምፔር ሰዓት የሆነው 624 ይይዛል።

ወደ ወልድያ መውጣት ለሚያስብ ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለ። ከቆቦ ወልድያ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ወልድያ ከቆቦ በ640 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ቢስክሌቱ 25፣ ሰውየው 60፣ ጭነቱ 25፣ በድምሩ 110 ኪሎ ግራም ይሁን። ይህን ክብደት ወደዚያ ከፍታ ማንሣት ብቻውን፣ በሞተሩ ውስጥ በሙቀት የሚባክነው ሲታሰብ፣ 250 ዋት ሰዓት ያህል ይበላል። የ50 ኪሎ ሜትሩ 500 ሲጨመርበት 750 ይሆናል። 480ም 624ም አያደርሱም። ሲመለስ ግን ቁልቁለቱ ስለሚያግዘው በጣም ያነሰ ያወጣል። እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ አስተሳሰብ መታረም አለበት፤ ቁልቁለት ሲወረድ ባትሪው ራሱን ይሞላል የሚባለው በአብዛኞቹ ቢስክሌቶች ላይ አይደረግም። በጎማው መካከል ያለው ጥርስ ያለው ሞተር ቁልቁለት ላይ ተለቅቆ የሚሽከረከር እንጂ ኃይል የሚመልስ አይደለም።

የዞብልን ተራራ ለመውጣት ለሚፈልግም ማስጠንቀቂያ አለ። በጎማው መካከል የተገጠመ ሞተር የሚመቸው ሲፈጥን ነው። በቀጥ ያለ አቀበት ላይ ፍጥነቱ እንደ እግረኛ ሲሆን የሚገባበት ኃይል ወደ መዞር ሳይሆን ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ውስጡ ያለው ሽቦ ልባሱ እስኪቀልጥ ሊደርስ ይችላል። ሞተሩ በእጅ የማይነካ ያህል ከጋለ ወርዶ በእግር መሄድ ነው። በፔዳሉ መካከል የተገጠመው ዓይነት በካቴናውና በማርሹ በኩል ስለሚሠራ አቀበት ላይ ይሻላል፤ ዋጋው ግን ይበልጣል፣ ካቴናውንም ቶሎ ይበላል። ለሜዳው ሰው የጎማው ሞተር ይበቃዋል።

የባትሪ መለኪያውም አንባቢውን ያታልላል። አምስት እርከን ካላቸው መለኪያዎች ላይ፣ ሞተሩ በኃይል ሲጎትት ሁለቱ ጠፍተው፣ ሲቆም ተመልሰው ይበራሉ። ባትሪው የሞላ ወይም የጎደለ ሆኖ አይደለም፤ በጭነት ጊዜ ቮልቱ ዝቅ ስለሚል ነው። ትክክለኛው ንባብ ቆሞ አንድ ደቂቃ አርፎ የሚታየው ነው። በመጨረሻው እርከን ላይ የደረሰ ሰው ቁጥሩን ወደ 1 ቢያወርድ ሣጥኗ ቶሎ ስለማትዘጋበት ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ያተርፋል።

ስለ ባትሪው ዓይነት ጥቂት መጨመር ያስፈልጋል። በርካሽ የሚሸጠው እንደ መኪና ባትሪ በእርሳስና በአሲድ የሚሠራው ነው። የተጻፈበትን ያህል ቢይዝም ከግማሽ በታች ባወረዱት ቁጥር ዕድሜው ስለሚያጥር፣ በተግባር የሚያገለግለው ግማሹ ነው። ክብደቱም ከሊቲየሙ ሦስትና አራት እጥፍ ይሆናል። ከሊቲየሙ ወገን ደግሞ በብረትና በፎስፌት የተሠራው ከተለመደው ዓይነት ብዙ ጊዜ ተሞልቶ የሚራገፍና ሙቀት የሚችል በመሆኑ ለቆላ አገር ይመረጣል።

የቆቦ ትልቁ ጠላት ሙቀቱ ነው። የሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት መሞላት የለበትም። በግንቦትና በሰኔ ቀትር ላይ በቆርቆሮ ቤት ጣሪያ ሥር የተቀመጠ ባትሪ ወደዚህ ልክ ሊቀርብ ይችላል። ከፀሐይ የመጣም ባትሪ ወዲያው አይሰካም፤ ጥላ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ያርፋል። የሚሞላበት ደህናው ጊዜ ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ፣ የቤቱ ሰው ሳይተኛ ወይም ማለዳ ሲነሣ ነው። በ2 አምፔር መሙያ የ10 አምፔር ሰዓት ባትሪ ለመሙላት ከ5 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል። ግማሹ ብቻ ከጎደለ 3 ሰዓት ይበቃዋል።

‹‹የቤቱ ሰው ሳይተኛ›› የተባለው በከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 በቻይና ናንጂንግ ከተማ የኤሌክትሪክ ቢስክሌቶች ከቆሙበት የሕንፃ ምድር ቤት የተነሣ እሳት 15 ሰዎች ገድሎአል። በኒው ዮርክም እ.ኤ.አ. በ2023 ከሊቲየም ባትሪ በተነሣ እሳት 18 ሰዎች ሞተዋል። የሚነሣው እሳት በውኃ ባልዲ የሚጠፋ አይደለም። የቆቦ ገበሬ ቤት ደግሞ የማሽላ አገዳና ጭድ የሚከመርበት፣ የነዳጅ ጀሪካንም የማይጠፋበት ነው። ባትሪው ከነዚህ ርቆ፣ በሲሚንቶ ወይም በአፈር ላይ፣ ከበሩ ሌላ በኩል ይሞላል። በሩን ከዘጋው እሳት መውጫ የለምና።

የእሳቱ አንዱ ምክንያት ያልሆነ መሙያ መጠቀም ነው። የ36 ቮልት የተለመደ ሊቲየም ባትሪ መሙያ 42 ቮልት፣ የ48 ቮልቱ 54.6 ቮልት ያወጣል። መሰኪያቸው አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ላይ ነው አደጋው። የጎረቤትን መሙያ ተውሶ ‹‹ገባልኝ›› ብሎ መሰካት ባትሪውን ከልኩ በላይ መሙላት ነው። በመሙያው ጀርባ የተጻፈው ቁጥር ሳይታይ አይሰካም። የወደቀ፣ ያበጠ ወይም ሲሞላ የሚሸት ባትሪም ወደ ሜዳ ይወጣል እንጂ ቤት አያድርም።

የመብራቱ ወጪ የሚያስፈራ አይደለም። 480 ዋት ሰዓቱን ለመሙላት፣ መሙያው የሚያባክነው ተጨምሮ፣ ከሶኬቱ ከ600 ዋት ሰዓት የማይበልጥ ይወጣል። ይህ የኤሌክትሪክ ምጣድ በአሥር ደቂቃ የሚወስደው ኃይል ነው። አስቸጋሪው የመብራቱ መጥፋት ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ቆቦ ሲደርስ አካባቢው ለወራት ያለ መብራት መቆየቱን ነዋሪው አይረሳውም። ከዚያ ወዲህ ባለው ጊዜም ድንገት የሚጠፋና የሚመጣ መብራት ለመሙያው ጠር ነው። ሲጠፋ መሙያው ከሶኬት ይነቀላል፤ ከመጣም በኋላ ጥቂት ደቂቃ ተጠብቆ ይሰካል። ከግድግዳው ሲነቀል ከባትሪውም መንቀል አይረሳም።

መስመር ያልገባላቸው ቀበሌዎች ፀሐዩን መጠቀም ይችላሉ። የራያ ሜዳ በበጋ ፀሐይ አያጣም። የ100 ዋት ሰሌዳ በአንድ ጥሩ ቀን፣ የሚባክነው ተቀናንሶ፣ ከ300 እስከ 350 ዋት ሰዓት ያህል ለባትሪው ሊያደርስ ይችላል። ሁለት ሰሌዳ ያለው ሙሉ ባትሪ በአንድ ቀን ያገኛል ማለት ነው። ባትሪው ግን ከሰሌዳው ጋር በቀጥታ አይገናኝም፤ በመካከል ለባትሪው ቮልት የተሠራ መቆጣጠሪያ ይገባል። ባትሪው ጥላ ውስጥ፣ ሰሌዳው ፀሐይ ላይ ይሆናል።

መሣሪያው የማይችለውንም መናገር ያስፈልጋል። የሽንኩርት ከረጢት በኋላ መጫኛው ላይ ለመጫን የሚያስብ ቢኖር ይተወው። የብዙዎቹ የኋላ መጫኛ 25 ኪሎ ግራም ገደማ ቢችል ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን የኋላው ራጂ ይበጠሳል። ጭነቱን አህያና ግመል ይጫኑት። ቢስክሌቱ የሚያገለግለው የክትባት ሣጥን፣ የጉድጓድ ሞተር መለዋወጫ፣ ዕንቁላል፣ የትምህርት ቤት ወረቀትና ከሁሉ በላይ ራሱን ሰውየውን ለማድረስ ነው።

ክረምት ሲገባ ጎርፉ ከምዕራቡ ተራራ ወርዶ ወንዞቹን ይሞላል። የቢስክሌቱ ሞተር ዝናብ ይችላል፤ ጎርፍ ውስጥ መጥለቅን ግን አይችልም። ውኃው ከጎማው መካከል ላይ ከደረሰ ተሸክሞ መሻገር ወይም መጠበቅ ነው። ሲታጠብም በጨርቅ እንጂ በወንዝ ውስጥ ተነክሮ አይደለም።

የቀረው እሾሁ ነው። በግራር መካከል ለሚሄድ ጎማ መበሳት የዘወትር ነገር ነው። በተራው ቢስክሌት ከላማዳሪያ መለጠፍ የአንድ ሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ሞተሩ ከኋላ የተገጠመበት ሲሆን ግን ሥራው ሌላ ነው። ከጎማው አክስል አጠገብ የሚወጣ ሽቦ አለ፤ ማገናኛው መጀመሪያ ካልተነቀለ ጎማው ሲጎተት ሽቦው ይበጠሳል። ዳዶው በአብዛኞቹ ላይ በ18 ቁጥር ቁልፍ ይፈታል። ከሥሩ ያለችው ጥርስ ያላት ሮንዴላ በወጣችበት በኩልና አቅጣጫ መመለስ አለባት፤ አክስሉ ቴላዮው ውስጥ እንዳይዞር የምትይዘው እሷ ናት። ተረስታ ብትቀር ሞተሩ በሳበ ጊዜ አክስሉ ይዞርና ሽቦውን ጠምዝዞ ይቆርጠዋል። ይህን የሚያውቅ ጠጋኝ በአካባቢው ከሌለ ባለ ቢስክሌቱ ራሱ ተምሮ፣ 18 ቁጥር ቁልፍና መለጠፊያ ከኮርቻው ሥር አስሮ መሄድ ይኖርበታል። የሚቻል ከሆነም ቀዳዳ የማያደርጋቸው ወፍራም ጎማዎች ወይም ከውስጥ የሚደፈን ፈሳሽ ያላቸው ከላማዳሪያዎች ከቢስክሌቱ ጋር አብረው ቢገዙ፣ ከሻጩ ጋር በዋጋ ላይ ከሚደረገው ክርክር ይልቅ ይጠቅማሉ።